አፈሩን ማን ይረከባል

ዘመነ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስለ ቢቸና ጠላ ማውራት ከጀመረ ወዲህ፣ እህል ይዘው የመጡት የሞጣ ሴቶች ተራቸው ደርሶ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባ ብለው ነበር።

«እናማ ሰውየው ጣሳውን ጨለጠና ጢሙን በመዳፉ ጠረገ» አለ። «ቀጥሎ ሲጋራውን አፉ ላይ ሰክቶ ክብሪት ጫረ። ክብሪቱ ገና ሲጋራው ጋ ሳይደርስ ጢሙ ቦግ! የግራውን ሲያጠፋ የቀኙ ይያያዛል፤ የቀኙን ሲያጠፋ ቅንድቡ። ጎረቤቱ ደንግጦ የራሱን ጠላ ቢደፋበት ጭራሽ እንደ ደመራ ተንቦገቦገ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰውየው ጢም አላበቀለም፤ የሚላጨው ጥቀርሻ ነው።»

«ወይ ውሸት!» አለች አንዷ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«ውሸት? የጠላ ሻጯን ስም ልንገርሽ፤ ፈንታነሽ ትባላለች። የሟቹ ወንድሜ፣ የሰማው፣ ግቢና የእሷ ግቢ አጥር ለአጥር ነው። የቢቸና ሹፌሮች ማደያውን ትተው በእሷ በር ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል አሉ።»

ሴቶቹ ስቀው ሳይጨርሱ አንድ አቧራ የለበሰ ሰው በመካከላቸው አልፎ፣ «ዘመነ ፋንታ እርስዎ ነዎት?» አለና ወረቀት አስይዞ አስፈረመው። መጥሪያ ነው፣ ከቢቸና። ከሳሽ ያችው ጠላ ሻጭ ፈንታነሽ። ተከሳሽ የሟች ሰማው ፋንታ ይዞታ ባለአደራ። ነገሩ ደግሞ ከዚያ ግቢ የሰረገ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት የከሳሽን የጉድጓድ ውኃ ስለ መበከሉ።

ዘመነ አነበበው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ መውጫው ጠፍቶት ትንሽ ቆየ። ሰሞኑን አገር ሲያስቅበት የሰነበተው ጠላ፣ ለካ ከራሱ አደራ በወጣ ቆሻሻ የተጠመቀ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ቀድማው የሞተችበት ሰማው በታመመ ጊዜ፣ በሽማግሌ ፊት ተናዞ፣ ቢቸና መንገድ ዳር ያለችውን ግቢ ለአንዲት ልጁ ለብሩክታይት ሰጠ። አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ታናሽ ወንድሙ ዘመነ በአደራ ይያዝላት አለ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለው፤ ሌላ አልጨመረም። ዘመነም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «እሺ» አለ። ልጅቱን ሞጣ አምጥቶ እያስተማረ አሳደጋት። ግቢውን ጓዴ ለሚባል መካኒክ አከራየው። ጓዴ መኪና ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ኪራዩ በስልክ ይመጣል፤ በልጅቱ ስም ይቀመጣል። በኋላ ጓዴ ዕቃውን ጭኖ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ጠፋ። ግቢው ተዘጋ።

ዘመነ እግሩ የማይረግጠው አገር አልነበረም። ለሠርግ ደብረ ኤልያስ፣ ለበሬ ሉማሜ፣ ለንግሥ መርጡለ ማርያም። ሚስቱ እንኳ «አንተን ከመጠበቅ ዝናብን መጠበቅ» ብላ ነው ጥላው የሄደችው። ቢቸናንም በመኪና ያቋርጣታል፤ በዚያ በር ሲያልፍ ግን ፊቱን ወደ ወዲያኛው መስኮት ያዞራል። እዚያ ግቢ ውስጥ ወንድሙ ሲያጣጥር አይቷል። እዚያ ወሬ አይመጣለትም፤ ወሬ የማይመጣለት ቦታ ደግሞ እሱ መቆም አይችልም።

የዚያኑ ቀን ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ቢሮ ወዳለው ጠበቃ፣ ወደ ፍቅረ ሥላሴ ሮጠ።

«ጋሼ ዘመነ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

«መቀመጫዬ አልረጋ ብሎኛል። ቆሜ ልስማህ።»

«እሺ። እንዲህ ባለ ነገር ሦስት ሰው ይጠየቃል፤ የደፋው፣ የያዘው፣ ያስተዳደረው። የደፋው ማን ነው?»

«ጓዴ።»

«የት አለ?»

«መተማ ነው ይሉኛል። አሶሳ ነው ይሉኛል። አንዱማ መንኩሷል ብሎኛል።»

«ስለዚህ የለም። መሬቱ የብሩክታይት ነው። ያስተዳደሩት እርስዎ ነዎት። ጓዴ ዘይቱን መሬት ውስጥ ሲደፋ እርስዎ ካላወቁ፣ ካሳው ከአደራው ንብረት ላይ ይነሣል፤ ግቢው በሐራጅ ይወጣል ማለት ነው። አውቀው ዝም ብለው ከሆነ ግን ከራስዎ ይነሣል። ከወፍጮው።»

«ልጅቱ እኮ አንዲት ጠብታ አልደፋችም!»

«አልደፋችም። ሕጉ ግን ልጅ ናት ብሎ የሰው ውኃ አያጠራላትም። መሬቱን የያዘ ሰው ከመሬቱ ለሚወጣው ይጠየቃል።» ፍቅረ ሥላሴ ክራቫቱን አስተካከለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ያስጨንቅዎታል? እርስዎ እውነትም አያውቁም። ‹አላውቅም› ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝም አይነቅዝም።»

ዘመነ ወጣ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ውሸት ሲያወራ ኖሮ አንድም ሰው አልከሰሰውም። አሁን ባፉ እውነት ብትወጣ የወንድሙን ልጅ ሜዳ ላይ ልትጥላት ነው።

በማግስቱ ቢቸና ወረደ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ ቀበቶውን ይፈታል፣ አንዴ መስኮቱን ይከፍታል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ባልቴት «ልጄ፣ ጉንዳን ገብቶብሃል ወይ?» እስኪሉት ድረስ። ግቢው በር ላይ ደርሶ ቁልፉን ከተተና ቆመ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚዘል ሰው ገፋው።

ሰማው የተከለው ጌሾ ቆሞ ደርቋል። ጓሮው እንደ ከሰል ጠቁሯል። መሐሉ ላይ ቆርቆሮ የተጣለበት ጉድጓድ አለ፤ ቆርቆሮውን ቢያነሣው ሽታው አፍንጫውን በጥፊ መታው። መሬቱን ሲረግጠው ጫማው ይጣበቃል፤ ሲያነሣው ይጮኻል።

«አገኘኸው?» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ። ፈንታነሽ ነች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሞጣ ላይ ጢም ስታቃጥል የከረምክበት ጠላ መነሻው እሱ ነው።»

«እትዬ ፈንታነሽ…»

«እትዬ አትበለኝ! ስማ፣ በልደታ ማግስት የጉድጓዴን ክዳን ብከፍት የማርያም መቀነት ውኃው ላይ ተኝታለች። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው። እልል አልኩ! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ጠበል ፈለቀ ተባለ። ጠበል ደግሞ መሽተቱ፣ መምረሩ ያለ ነው፤ ማን ይጠርጥር? እከክ ያለበት ታጠበና እከኩ ለቀቀው። እኔም በረከት ነው ብዬ ለማኅበሩ ጠላ ጠመቅሁበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማኅበርተኛው ሁሉ ሲያስመልሰው አደረ! ይኸም ጠበል ነው፣ ክፉውን እያወጣው ነው እያልን ተጽናናን። ቄስ አምላኩ መጥተው ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱ። ‹ፈንታነሽ፣ ይቺ መቀነት የማርያም አይደለችም፤ የመኪና ናት› አሉኝ። ከጤና ጣቢያ መጥተው ጉድጓዴን አሸጉት። ይኸው ከእንስራ ጋር ከተማውን እዞራለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ! ጠላ ቤቴ ተዘጋ። ማን ከእኔ ይጠጣል?»

ዘመነ አንድ የሚያስቅ ነገር ፈለገ። «ታዲያ ምን ይሁን?» ብቻ አለ።

«ፍርድ ቤቱ በሽማግሌ ጨርሱ ብሎናል» አለች። «ጉድጓድ ቆፍርልኝ፤ ይኸንንም መርዝ ከጎኔ አንሣልኝ። ካልሆነ ግቢው ይሸጥልኝ። የሰማውን ልጅ ጠልቻት አይደለም። ግን እኔስ ምን አጠፋሁ?»

ለዚህ ጥያቄ ዘመነ እስከ ሞጣ ድረስ መልስ ሲፈልግ ሄደ። አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ‹አውቅ ነበር ብልስ?› አለ በልቡ። ውሸት እንደሆነ ሥራዬ ነው፤ አንዲቷን ለጽድቅ ባውላት ምናለበት? ወፍጮው ይሂድ፤ ግቢው ይትረፍ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ሐሳቡ ደስ አሰኘው። ሞጣ ሲገቡ ደግሞ መሐላ ትዝ አለው። የእሱ ውሸት ሁሉ እስከ ዛሬ የሳቅ ነው፤ መስቀል ፊት ቆማ የምታውቅ አንድም የለችም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፣ መቀመጥ የለም። ጉርሻውን ይዞ ይነሣል፤ በር ድረስ ይሄዳል፤ ጉርሻውን ረስቶ ይመለሳል። ብሩክታይት ለፈተና እያጠናች በዓይኗ ትከተለዋለች።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል እንጂ! ያንተን እግር ሳይ እኔን ደከመኝ።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ጓዴ ያንን ጉድጓድ ሲቆፍር… አይቼው ነበር።»

«መቼ?»

«በሰኔ ሚካኤል።»

«በሰኔ ሚካኤል ሉማሜ ነበርክ። በሬ ልገዛ ብል ቀንዱ ውስጥ ንብ ሰፍሮበት ማሩን በልቼ በሬውን መለስኩ ያልከን ያን ጊዜ ነው።»

«በኅዳር ሚካኤል ነው ለካ።»

«በኅዳር መንገዱ ተዘግቶ ከዚህ አልወጣህም።» ደብተሯን ዘጋች። «ጋሼ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«አንቺ ፈተናሽን አጥኚ» አለና ደግሞ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ቢቸና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ቄስ አምላኩ ናቸው። ፈንታነሽ በአንድ ወገን፣ ዘመነና ብሩክታይት በሌላ ወገን፤ ጠበቃው ፍቅረ ሥላሴም ጫማው አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ሰማን ያለ ሁሉ ደግሞ ዙሪያውን። ዘመነ የሚናገርበት ቀን ሰው አይቀርም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉ ቄስ አምላኩ። «ጥሩውን ውኃ አጥተነዋል፤ ሥሩን እንኳ እናግኝ። በል ዘመነ፣ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ፍቅረ ሥላሴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠበት። ዘመነ ተነሣ።

«አውቅ ነበር። ጓዴ ጉድጓድ ቆፍሮ ዘይት ሲደፋ አይቻለሁ። ዝም አልኩ።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ጠበቃው ጭንቅላቱን ያዘ። ዘመነ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ! ግን እንዲህ ያለች ከሲታ ውሸት ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ ምላሱን በላው።

«ጉድጓዱስ ቢሆን ቀላል ጉድጓድ መሰላችሁ? ጠጠር ብጥልበት፣ ሲያርፍ ድምፁን የሰማሁት ሞጣ ገብቼ ራቴን ከበላሁ በኋላ ነው!»

ወይራው ሥር ያለው ሕዝብ በሳቅ ወደቀ። አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ፈንታነሽ እንኳ ሳትወድ ጥርሷ ታየ። ቄስ አምላኩ ብቻ አልሳቁም።

«ይኸ ሰው ቀለደም አልቀለደም በራሱ ላይ መስክሯል» አሉ ዓይናቸውን የጠረጉት ሽማግሌ። «ራሱን ለጠለፈ ሰው ምን መሐላ ያሻዋል? ይክፈልና እንነሣ።»

የዘመነ ትከሻ ወረደ። መሐላው ቀረ። ግቢው ተረፈ።

«ይማል» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ብሩክታይት ነች፤ ቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቃሉ እኮ ለአንቺ ነው የሚበጅሽ» አሏት ሽማግሌው። «መሬትሽ ይተርፍልሻል።»

«ገብቶኛል አባቴ። ይማል።»

«ብሩክታይት፣ ተቀመጪ» አለ ዘመነ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ።

«አልቀመጥም። አባቴ አደራ የሰጠህ ግቢውን ነው። ነፍስህንስ ለማን አደራ ሰጥተህ ነው እንዲህ የምትጥላት?»

ቄስ አምላኩ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ዘረጉት። ከእንጨት የተሠራ፣ ብዙ ግንባር የዳበሰው መስቀል ነው። ዘመነ አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛው አልሄድ አለው። ሕዝቡ ሳቅ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም።

«አባ» አለ በመጨረሻ፤ «በሱ አልምልም። አላየሁም።»

ፍቅረ ሥላሴ «ተመስገን!» ብሎ ከድንጋዩ ወረደ።

«አላየሁም» አለ ዘመነ ደግሞ። «ግን ለምን አላየሁም? ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ፣ መጥሪያው እስኪደርሰኝ ድረስ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። ደብረ ኤልያስ ሄጃለሁ። ለንብ በሬ ሉማሜ ሄጃለሁ። እዚያ ግን አልገባሁም፤ ፈራሁ። ኪራዩ በስልክ ይገባል፣ እኔ ወፍጮዬ በር ቆሜ እስቃለሁ። አንድ ቀን ብገባ ኖሮ አየው ነበር፤ ዓይን ባይኖረኝ ባፍንጫዬ አገኘው ነበር። በዚህ ልማል። አላየሁም፤ ያላየሁት ደግሞ ስላልሄድኩ ነው።»

ሄደና መስቀሉ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ማለ።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ገለል ብለው ተከራከሩ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባለማየቱ ካስከፈልነው ከእንግዲህ ማን የወላጅ አልባ አደራ ይቀበላል? እኔ በበኩሌ አልቀበልም!» ሲል ከሩቅ ተሰማ። ሲመለሱም ፊቱ አልፈታም ነበር። ቃሉን ያወጡት ቄስ አምላኩ ናቸው።

«አደራ የሚቀበል ሰው እጁን ብቻ አይደለም የሚሰጥ፤ ዓይኑንም ነው። አላወቅሁም ማለት ለመንገደኛ ይሆናል፤ ለባለአደራ አይሆንም። ግቢው አይነካም። ለፈንታነሽ ከላይ በኩል ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርላት፤ የተበላሸውም አፈር ጥቁረቱ እስኪያልቅ ይነሣ። ዘመነ ከራሱ።»

«ጋሼ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬዎት ነበር!» አለ ፍቅረ ሥላሴ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ፈንታነሽ ግን በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። «የአሁኑ ጠጠር መሬት ነካ» አለችውና ሄደች።

ወፍጮው ተሸጠ። የደብረ ወርቅ ሰው መጥቶ ሞተሩንም ድንጋዩንም ነቅሎ ጫነው። የፈንታነሽ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ውኃው ጠርቶ ወጣ። የሰማው ጓሮም እስከ ሰው ደረት ተማሰና ጥቁሩ አፈር አንድ አይሱዙ ሙሉ ሆነ። ይኸን ጊዜ ነው እውነተኛው ሥራ የመጣ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች መጥተው «ዝናብ የማያገኘው፣ ወለሉ የማያሰርግ ቦታ ይቀመጥ» አሉ። የት እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ የተተወ የድንጋይ ማውጫ ዘንድ መኪናውን አቆሙ። ገበሬዎች ዱላቸውን ይዘው ከየእርሻው ብቅ ብቅ አሉ። «አፈሩ የማን ነው?» «የቢቸና።» «እንግዲያውስ ለቢቸና!» ደብረ ወርቅ ዳርም እንደዚያው ሆነ፤ እዚያስ ሴቶች ናቸው ድንጋይ የያዙት።

«ጋሼ፣ ሬሳ እንኳ ቀባሪ አለው» አለ ሹፌሩ መሪውን በጡጫ እየመታ። «ይኸ ምን ዓይነት ጭነት ነው?»

አንድ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ዘመነ አንገቱን አወጣና ወደ ታች አየ። ውኃው ይፏልላል።

«እዚህ ኋላውን ብንከፍተው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ዓባይ ይወስደዋል። ሱዳን ሲደርስ ማን ያውቀዋል?»

«ሱዳን ከመድረሱ በፊት ማን ይጠጣዋል?» አለች ብሩክታይት፤ ከእሱና ከሹፌሩ መሐል ተቀምጣለች።

ዘመነ አንገቱን መለሰ። «ንዳው» አለ ሹፌሩን።

«ወዴት?»

«ሞጣ።»

ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ወፍጮው የቆመበት ብሎን ብቻ ከመሬት ወጥቶ ቀርቷል። አፈሩን እየዛቁ ሲያገቡ ዋሉ። ነጩ ግድግዳ ከሥሩ ጠቆረ።

«ግቢዬን ስረከብ ይኸንንም ልረከብ ነው?» አለችው ብሩክታይት፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።

«ግቢሽን ትረከቢያለሽ። ይኸ የእኔ ነው።»

ይኸን ሲል አንዲት ሴት ቁና እህል አዝላ መጣች፤ ወፍጮው መሸጡን ገና አልሰማችም። አንገቷን በበሩ አሰገገች።

«ዘመነ! ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው የምትፈጭ?»

«አፈር።»

«የማን?»

«የራሴ። ከቢቸና አመጣሁት። መጣልም አይቻል፣ መስጠትም አይቻል። አንዲት ጠብታ ከዚህ ብትወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ብሞት እንኳ ቤቱን የሚወርሰኝ ሰው ይጠየቅበታል።»

ሴትየዋ ገና ከአሁኑ ሳቋ መጣ። ቁናዋን አወረደችና ደፉ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።